«ከዶርም ሰው ጋር አትቀላቀል» የሚለው ምክር

ልጆቻችን ስኮላርሺፕ አግኝተው ወደ ውጭ ሊሄዱ ሲሉ በየአጥቢያችን የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። እሑድ በፕሮግራሙ ማብቂያ ወደ መድረክ ይጠራሉ፤ ሽማግሌዎች እጅ ይጭኑባቸዋል፤ እናት ታለቅሳለች። ሻንጣው ውስጥ ሽሮው፣ በርበሬውና ድርቆሹ ይገባል። ከዚያ የመጨረሻው ምክር ይመጣል፦ «ዶርም ውስጥ ካለው ሰው ጋር አትቀላቀል። ክፍልህን ዘግተህ ጸልይ፤ ተምረህ ብቻ ተመለስ።»

ይህ ምክር ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ከእግዚአብሔር ቃል ጋር አይስማማም፤ ልጆቻችንንም አይጠብቃቸውም።

እስቲ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን በዚህ ዓይን አንብቡት። ዳንኤል፣ አናንያ፣ ሚሳኤልና አዛርያ ሳይወዱ በግድ ወደ ባዕድ አገር የተወሰዱ ተማሪዎች ነበሩ። ትምህርታቸው 3 ዓመት ነበር። የከለዳውያንን ቋንቋና ጽሕፈት ተማሩ፤ የባዕድ ስም ወጣላቸው፤ ምግባቸውም ከንጉሡ ማዕድ ተመደበላቸው። ዳንኤል በምግቡ ላይ እምቢ አለ። በቋንቋው፣ በትምህርቱና በሰዎቹ ላይ ግን እምቢ አላለም። እምቢታውንም በጩኸት አልገለጸም፤ ኃላፊውን በትሕትና ለመነ፣ የ10 ቀን ሙከራ እንዲሰጣቸው ጠየቀ።

ምዕራፍ 2 ላይ ስንደርስ ደግሞ ንጉሡ የባቢሎንን ጠቢባን ሁሉ እንዲገደሉ አዘዘ። ዳንኤል ወደ ሦስቱ ጓደኞቹ ሄዶ አብረውት እንዲጸልዩ ነገራቸው። ምሥጢሩ ከተገለጠለት በኋላም የባቢሎን ጠቢባን እንዳይገደሉ ተናገረ። እነዚያ ሰዎች ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ። በሩን ዘግቶ 3 ዓመት የተቀመጠ ሰው ለእነርሱ ሕይወት ምን ይገደዋል?

«ፓስተር፣ ዶርም ውስጥ ያለውን ነገር አታውቀውም» የሚሉኝ አሉ። አውቃለሁ። መጠጡን፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸውን ሙዚቃ፣ ዝሙትን እንደ ተራ ነገር የሚያይ ወሬውን አውቃለሁ። ክፍል ጓደኛው የማይሆን ነገር የሚያደርግበት ተማሪ ለዶርሙ ኃላፊ ነግሮ ክፍል እንዲቀየርለት መጠየቅ ይገባዋል፤ ይህ ኃጢአት አይደለም። ዳንኤልም የማይነካው ነገር ነበረው። እናንተም ከመሄዳችሁ በፊት የማትነኩትን ለዩ።

ነገር ግን የተዘጋው ክፍል ንጹሕ ነው ያለው ማን ነው? ስልኩ ከተማሪው ጋር እዚያው ገብቷል። በአገልግሎቴ ካየኋቸው ውጭ አገር ሄደው ከእምነት ከቀዘቀዙ ልጆች ብዙዎቹ የጠፉት በጭፈራ ቤት አይደለም። ብቻቸውን በልተው፣ ብቻቸውን ታመው፣ ብቻቸውን አልቅሰው ነው። ከዶርሙ ሰው ሸሹ፤ የአገራቸው ሰው ደግሞ ሩቅ ነበር። በመጨረሻ የሚያናግራቸው ሲያጡ ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገሩንም ተዉት።

በ1909 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የወወክማ ሠራተኛ የነበረው ሃሪ ኤድመንድስ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ደረጃ ላይ ለአንድ ቻይናዊ ተማሪ «እንደምን አደርህ» አለው። ተማሪው ኒው ዮርክ ከገባ 3 ሳምንት ቢሆነውም ያናገረው የመጀመሪያው ሰው ኤድመንድስ መሆኑን ነገረው። ኤድመንድስና ባለቤቱ ለውጭ አገር ተማሪዎች ቤታቸውን ከፈቱ፤ እሑድ ማታም አብረው መብላት ጀመሩ። ነገሩ አድጎ፣ ታናሹ ሮክፌለር ገንዘብ ሰጥቶበት፣ በ1924 ኢንተርናሽናል ሃውስ የተባለው ትልቅ የተማሪዎች ማደሪያ ተከፈተ። መነሻው አንድ ሰላምታና አንድ እራት ነው።

የእኛም ታሪክ ቢሆን ይህን ያስተምረናል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአገራችን የተነሣው የጴንጤቆስጤ መነቃቃት በአብዛኛው የተማሪዎች ነበር። የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን የተወለደችው ከዚያ ነው። ተማሪ ለተማሪ እየመሰከረ ያደገ ወንጌል ይዘን ልጆቻችንን «ከተማሪ ሽሹ» ብለን መላካችን ያሳዝናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ውጭ ያለህ ልጄ፣ ያለሽ ልጄ፤ በጋራው ወጥ ቤት ስትሠሩ ለሁለት ሰው ሥሩ። የጎረቤታችሁን ስም በትክክል መጥራት ተማሩ። ሱዳናዊው ጓደኛችሁ ሲጾም እንዳይረበሽ ተጠንቀቁለት፤ ህንዳዊቷ ስትታመም ክሊኒክ አድርሷት። እንደ ቻይና ባሉ አገሮች የውጭ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ በተለየ ሕንፃ ያድራሉ፤ ሕጉም የውጭ ዜጋ ለአገሬው ሰው ሃይማኖት እንዲሰብክ አይፈቅድም። ሕጉን አክብሩ። ሽሮ ለማካፈልና ያዘነን ለማጽናናት ግን ማንም አይከለክላችሁም። አብሯችሁ የሚጸልይ አንድ ሁለት አማኝም ፈልጉ፤ ዳንኤል እንኳ ብቻውን አልቆመም።

ወላጆች፣ ስትደውሉ ስለ ውጤትና ስለ ገንዘብ ብቻ አትጠይቁ። «ዛሬ ከማን ጋር በላህ?» በሉት። መልሱ በተከታታይ «ብቻዬን» ከሆነ ጸልዩ፤ ያንኑ ቀንም በከተማው ላለ አማኝ ደውሉ።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናትም ስሙኝ። በአሜሪካ ብዙ ኮሌጆች በገና ዕረፍት ዶርም ይዘጋሉ። የአገሩ ልጅ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የውጭው ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ማደሪያ ይፈልጋል። ጌታ በማደሪያው ስፍራ ቦታ በማጣት መወለዱን በምንዘምርበት ሳምንት ይህ መሆኑ አያሳፍረንም? ከልጆቻችን ጎን የሚያድረው ናይጄሪያዊና ኔፓላዊስ እንግዳ አይደለም? ዘዳግም 10፥19 ስደተኛውን እንድንወድ ሲያዝዝ የአገራችንን ሰው ብቻ አልለየም። እኛ ራሳችን በሰው አገር ነንና ከማንም ይልቅ ይህን ማወቅ ይገባናል።

ጌታችን ስለ ደቀ መዛሙርቱ ሲጸልይ ከዓለም እንዲወጡ አልለመነም፤ ከክፉው እንዲጠበቁ እንጂ (ዮሐንስ 17፥15)። እኛም በሚቀጥለው ሽኝት ላይ እጅ ስንጭን ይህንኑ እንጸልይ፤ በሩ ላይ የምንሰጠውም ምክር ከጸሎታችን ጋር ይስማማ።

ጌታ በየዶርሙ ያሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅ። አሜን።