የፋይል ስም ትእዛዝ እንዳይሆን

ደብዳቤ ይዞ ወደ መዝገብ ቤት የመጣ ባለጉዳይ ወረቀቱን ለመዝገብ ሹሙ ያስረክባል እንጂ በየትኛው ሣጥን እንደሚቀመጥ አያዝም። ቍጥር የሚሰጠውና ሥፍራውን የሚወስነው መዝገብ ቤቱ ነው። ይህ መልካም ሥርዓት፤ ወረቀቱ በኮምፒዩተር ሲተካ፤ ማንም ሳያውቀው እንዳይፈርስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከመቀመጫዎቹ አንዷን ቦንጋን ካደረገ ወዲህ በከተማዪቱ የሚፈጸመው ጉዳይ በዝቷል። የከፋ ገበሬና የቡና ነጋዴ የይዞታና የንግድ ማስረጃውን ከቀዬው ሆኖ በኢንተርኔት እንዲልክ ማድረግ የመንገድ ድካሙን ስለሚያስቀርለት እጅግ የሚደገፍ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ከማስረጃው ጋር የፋይሉ ስም አብሮ ይመጣል፤ ስሙንም ያወጣው ላኪው ነው።

አደጋው ከዚህ ላይ ይጀምራል። ፕሮግራሙ ላኪው የሰጠውን ስም ሳይመረምር ከማስቀመጫው አድራሻ ጋር ቢቀጥለው፤ ስሙ ስም መሆኑ ቀርቶ ትእዛዝ ይሆናል። በኮምፒዩተር ልማድ ሁለት ነጥብና አንድ እዝባር ተከታትለው ሲጻፉ «ከዚህ ክፍል ወጥተህ ወደ በላይኛው ሂድ» ማለት ነውና፤ ተንኰለኛ ሰው ይህን ምልክት በስሙ ውስጥ ደጋግሞ ቢያገባበት የላከው ፋይል ከተመደበለት ክፍል ወጥቶ በሌላ ሰው ማስረጃ ላይ ሊጻፍበት ይችላል። በዚህም የሚጎዳው ኮምፒዩተሩ ሳይሆን ይዞታው የተሰረዘበት ገበሬ ነው።

ይህ በሐሳብ ብቻ የሚፈራ ነገር አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. «ዚፕ ስሊፕ» የተባለው ጉድለት፤ በታሸገ ፋይል ውስጥ ያሉት ስሞች ሳይመረመሩ ስለሚፈቱ፤ በብዙ ሺህ ፕሮግራሞች ላይ ተገኘ። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ አፓቺ በተባለው የሰርቨር ፕሮግራም ላይ የዚህ ዘመድ የሆነ ጉድለት ታወቀ፤ ምልክቱ በሌላ አጻጻፍ ተሸፍኖ ሲመጣ ፕሮግራሙ አላወቀውም ነበርና። መጀመሪያ የወጣው ማረሚያም ስላልበቃ በጥቂት ቀን ውስጥ ሌላ ማረሚያ አስፈለገ። የእኛም ፊደል በዚህ ረገድ ጥንቃቄ ይሻል፤ «ፀሐይ»ና «ጸሐይ» ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ልዩ ልዩ ስሞች ናቸው።

እስከ 1890 ዓ.ም. መባቻ የቆየው የከፋ መንግሥት ድንበሩን በጥልቅ ጉድጓድ አጥሮ መግቢያውን በዘበኛ ያስጠብቅ ነበር። ዘበኛው የሚመጣውን ሁሉ ሳይጠይቅ ቢያስገባ ኖሮ የጉድጓዱ ጥልቀት ምን በጠቀመ?

መድኃኒቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፤ ፕሮግራሙ ለመጣለት ፋይል የራሱን ቍጥር ይስጥ፤ የላኪው ስም ለማስታወሻ ያህል በመዝገብ ብቻ ይጻፍ። ሁለተኛ፤ በላኪው ስም መጠቀም ግድ ቢሆን፤ ሽፋኑ ሁሉ ከተገለጠ በኋላ የመጨረሻው አድራሻ ከተፈቀደው ክፍል አለመውጣቱ ይመርመር። ሦስተኛ፤ የተላከ ፋይል በተቀመጠበት ክፍል ምንም ፕሮግራም እንዳይሠራ ይከልከል። አራተኛ፤ ለፕሮግራሙ ከሥራው በላይ ሥልጣን አይሰጠው። በቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተለይተው ለእያንዳንዱ የሚገባው ሰው እንደ ተወሰነ፤ የኮምፒዩተርም ክፍል እንዲሁ ሊወሰን ይገባል።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 አጥፊውን ይቀጣል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የያዘውን ሁሉ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ነገር ግን ቅጣቱ የጠፋውን መዝገብ አይመልስም። ስለዚህ ሹማምንት ፕሮግራም ሲያሠሩ እነዚህን አራት ነገሮች በውሉ ያስጽፉ፤ ሥራውንም ከመረከባቸው በፊት በተንኰል ስም ያስፈትኑት። ሕዝብ ማስረጃውን በአደራ ሰጥቷልና፤ አደራውን የሚጠብቅ ሹም በሩን ራሱ ይዘጋል እንጂ ለመጣው ሁሉ ቍልፉን አይሰጥም።