አንድ ምንጭ፣ አራት ምስክሮች

ስለ አውሮፓ አሳሾች የሚሰጥ የቡድን ጥናት አብዛኛውን ጊዜ አሳሾቹን ለቡድኖች በማከፋፈል ይጀመራል። አንዱ ቡድን ኮሎምበስን፣ ሌላው ቫስኮ ዳ ጋማን፣ ሦስተኛው ማጄላንን ይወስድና የሕይወት ታሪካቸውን ጽፎ ለክፍሉ ያነባል። ሥራው የቡድን ይባል እንጂ የሚጽፈው ጎበዙ ተማሪ ነው፤ ሌሎቹ ስማቸውን ያስመዘግባሉ። በመጨረሻ የሚቀረውም የጀግኖች ዝርዝር ነው። ማጄላን ምድርን ዞረ ይባላል፤ በ1521 እ.ኤ.አ. ማክታን ደሴት ላይ በውጊያ መገደሉና ዙሩን በ1522 የፈጸመው የጉዞ ባልደረባው ኤልካኖ መሆኑ ሳይነሣ ይታለፋል።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤሊየት አሮንሰን በ1971 በቴክሳሷ ኦስቲን ከተማ የሞከረው ዘዴ የመጀመሪያውን ችግር ያቃልላል። የዘር መለያየት ገና በቀረባቸው ትምህርት ቤቶች ልጆቹ እርስ በርስ ይፈራሩ ነበር። አሮንሰን ትምህርቱን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የቡድን አባል የተለያየ ክፍል ሰጠ። ተመሳሳይ ክፍል የደረሳቸው ከየቡድኑ ተሰባስበው ያጠናሉ፤ ከዚያ ወደ ቡድናቸው ተመልሰው ያስተምራሉ። ፈተናው ግን ለየግል ነው። ስለዚህ ጓደኛውን ያላዳመጠ ተማሪ ትምህርቱ ይጎድልበታል።

ሁለተኛው ችግር የሚፈታው በአከፋፈሉ ነው። ኮሎምበስን ያጠና ልጅ ዳ ጋማን ካጠናው ጋር የሚከራከርበት ጉዳይ የለውም። መከፋፈል ያለባቸው አሳሾቹ ሳይሆኑ የአንድ ጉዳይ ምስክሮች ናቸው።

ለኢትዮጵያ ክፍሎች የዓባይ ምንጭ የሆነው ግሽ ዓባይ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1770 እ.ኤ.አ. ከምንጩ ደረሰ፤ በ1790 ባሳተመው ባለአምስት ቅጽ መጽሐፉም ቀዳሚነቱን ለራሱ አደረገ። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ስፍራውን አይቶ ጽፏል። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒም ከብሩስ ጋር ምንጩ ድረስ ሄዷል፤ ብሩስ ይህን በመጽሐፉ አልተናገረም። ሦስት ተማሪዎች እነዚህን ሦስት ሰዎች ቢይዙ የብሩስ ቃል ብቻውን እንደማይበቃ ማንም ሳይነግራቸው ያዩታል።

ከባዱ ድርሻ የአራተኛው ተማሪ ነው፤ የእሱ ምስክሮች ምንጩን ከሁሉም በፊት የሚያውቁት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። በእጃቸው የጻፉት ገጽ ለክፍሉ ስለማይገኝ፣ ተማሪው እነሱን በእንግዶቹ ጽሑፍ ውስጥ መፈለግ አለበት። ፓኤዝም ብሩስም በምንጩ ላይ ስለሚታረዱ ከብቶች ይተርካሉ። ምንጩን «አገኘሁ» ያለው ሰው ራሱ ቦታው አስቀድሞ የታወቀና የተከበረ እንደነበር በጽሑፉ ይመሰክራል ማለት ነው። ልጁ ይህን ከአሳሹ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ፈልቅቆ ሲያወጣ የታሪክ ተመራማሪን ሥራ ሠርቷል።

ዘዴው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል 15 ቡድን ይወጣል፤ የሚያስፈልገውም በአማርኛ የተዘጋጀ የአንድ አንድ ገጽ አራት ቅንጫቢ ነው። ድካሙ ያለው ገጾቹን መርጦ በመተርጎም ላይ ነው፤ ይህንንም የአንድ ወረዳ የታሪክ መምህራን ተከፋፍለው ቢሠሩት ለሁሉም ትምህርት ቤቶቻቸው ይበቃል።