ጭላዳን በጅምላ መቁጠር ይብቃ

ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዱር የሚኖርበት አገር የለም። ብርቅነቱን ስናነሣ ግን ከስሜን እስከ አርሲ ያለውን ሁሉ እንደ አንድ መንጋ እንቆጥራለን፤ ይህ አቆጣጠር መታረም አለበት። ሣር በሉ ጭላዳ የሚውለው በብርዳማ ሜዳ፣ የሚያድረው በገደል ላይ ነው። መንገዱን የሚዘጋበትም የወንዝ ውኃ ብቻ ሳይሆን ወንዙ የቆፈረው ሞቃት ቆላ ነው። በዚህ የተነሣ የስሜኑ፣ ማዕከላዊ የሚባሉት የመንዙና የደብረ ሊባኖሱ፣ እንዲሁም ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ያለው የአርሲው ጭላዳ ለረጅም ዘመን ተለያይተው ኖረዋል። በ2014 ዓ.ም. የታተመ የዘረመል ጥናት በስሜን ጭላዶች 44፣ በማዕከላዊዎቹ ደግሞ 42 ክሮሞዞም አግኝቷል። እንዲህ ያለ ልዩነት የዲቃላዎችን መራባት ሊያውክ ስለሚችል፣ የአዲስ ዝርያ መነሻ ሊሆን ይችላል። ጉሬዛም ቢሆን ከስምጥ ሸለቆው ወዲህና ወዲያ በተለያየ ንዑስ ዝርያ ይመደባል።

መልክዓ ምድር ብቻውን ዝርያ አይለይም የሚል ሙግት ሊነሣ ይችላል። ማስረጃውም ቅርብ ነው፤ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሐማድርያስና አኑቢስ የተባሉት ዝንጀሮዎች ተገናኝተው ይዳቀላሉ፤ ከዚያ ክልል ውጭ ግን ሁለቱም መልካቸውንና የኑሮ ሥርዓታቸውን እንደያዙ ናቸው። የሐማድርያስ ወንድ ሴቶቹን ለብቻው ይዞ ይጠብቃል፤ አኑቢሶች ግን ብዙ ወንድና ሴት ተቀላቅለው ይኖራሉ። በእርግጥ ጠባይም ይለያል። ሆኖም ይህ ልዩነት ሥር የሰደደው ተራርቀው በኖሩበት ዘመን ነው፤ ጠባይ የሚያጸናው መልክዓ ምድር የጀመረውን ነው።

መለያየት ዝርያን ከፈጠረ፣ እርሻና መንደር ቢከፋፍላቸው ምን ይጎዳል የሚልም አይጠፋም። ሸለቆ ሰፊ መንጋዎችን ለብዙ ሺህ ዓመታት ለይቶ ያቆያል፤ እርሻ ግን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ጥቂቶችን ነጥሎ ለዘመድ መራባት ይዳርጋቸዋል። አንዳንዴም የነበረውን ድንበር ያፈርሳል። የቀርከሃ ደን ወዳዱ የባሌ ጦጣ ደኑ በተቆራረጠበት በሲዳማ አካባቢ ከሌሎች ጦጦች ጋር መዳቀሉን የዘረመል ምርመራ አመልክቷል። ስለዚህ የስሜን ጭላዳ በመብዛቱ የአርሲው ጥቂት መንጋ ተረፈ ማለት አይቻልም። እያንዳንዱ ወገን የራሱ ቆጠራ፣ የራሱ የጥበቃ ዕቅድና በጀት ያስፈልገዋል፤ ዘረመሉ ሳይመረመርም ማንም ከአንዱ ደጋ ወደ ሌላው ሊያዛውረው አይገባም።