ልጆቻችን ከአስፋልቱ ዳር ይነሡ

በዚህ ሰሌዳ ላይ እስከ ዛሬ ስለ ውሃ መውረጃ ቦይና ስለ ወርኃዊ መዋጮ ስንጽፍ ኖረናል። ዛሬ ስለ ሩጫ እንጽፋለን። ሩጫ ደግሞ ምን ጉዳይ ሆነና የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው ያንብብልን።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር የኳስ ቡድናችን ልጆች ጧት ጧት ተሰልፈው ሲሮጡ ሁላችሁም ታያላችሁ። ያዘዝናቸው እኛው ነን። አሠልጣኝ የሚሆን ሰው ብናጣ፣ ሮጦ የማይደክም ልጅ ኳስ አያቅተውም ብለን ማኅበሩ ወሰነ። መንገዱ ግን ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳር የሚዘልቅ ነው። ከባድ መኪናው፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ለገበያ የሚነዳው ከብት ሁሉ የሚተላለፈው በዚሁ ነው። በቀደም ዕለት አንድ ልጃችን ከጭነት መኪና ሲሸሽ ቦይ ውስጥ ወደቀና በቁርጭምጭሚት ወለምታ ተረፈ። እናቱ ቢሮአችን ድረስ መጥተው፣ “ልጄን ለኳስ ሰጠኋችሁ እንጂ ለመኪና አልሰጠኋችሁም” አሉን። የምንመልሰው አጣን። ጥፋቱ የሾፌሩም የልጁም አይደለም፤ የእኛ ነው።

ከዚያ ወዲህ ተቀምጠን ነገሩን ስናየው፣ አደጋው እንኳ ባይኖር ልምምዱ ራሱ ለኳስ አይበጅም ኖሯል። ኳስ ተጫዋች አምስት አሥር እርምጃ ይፈተለካል፣ ይቆማል፣ ይዞራል፣ እንደገና ይነሣል። አስፋልት ላይ አንድ ሰዓት በአንድ ዓይነት እርምጃ የሚያዘግም ልጅ ትንፋሽ ያበጃል እንጂ ፍጥነት አያበጅም። ረጅም ሩጫውም ቢሆን መጨረሻው ፍጥነት ነው። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሎምፒክ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ያገኘው መጨረሻው ላይ ድንገት በመፈትለክ ነው፤ “ማርሽ ቀያሪው” የተባለውም ለዚሁ እኮ ነው።

ታዲያ እንዴት ይሠልጥኑ? መጀመሪያ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ በቀስታ ሮጦ፣ ጉልበት እያነሡ እግር እያወናጨፉ ሰውነትን ማሟሟቅ። ቀጥሎ ከ10 እስከ 30 ሜትር ባለ አቅም ሁሉ መሮጥ። ከዚያ በእግር እየተራመዱ ተመልሶ አንድ ሁለት ደቂቃ ማረፍ። ስድስት ወይም ስምንት ጊዜ ከተሮጠ ይበቃል። ዕረፍቱን ስንፍና ነው የምትሉ አባቶች አላችሁ፤ እኛም እንዲሁ እንል ነበር። ደክሞት የሚሮጥ ልጅ ግን የሚለማመደው ዝግታን ነው፣ ጡንቻውም የሚበጠሰው ያን ጊዜ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን አርፎ መሥራት ይበቃል። በጾም ወራት ደግሞ የሚጾመው ልጅ ቀለል ያለውን ይሥራ፤ ማንም አያስገድደው።

ቅልጥፍና ከፍጥነት ይለያል። ብዙ ልጅ የሚጎዳው ሲሮጥ ሳይሆን ሲቆምና ሲዞር ነው። ከመዞሩ በፊት እርምጃውን ያሳጥር፣ ጉልበቱን አጠፍ፣ ወገቡን ዝቅ ያድርግ፤ ወደ ግራ ሊዞር ሲል በቀኝ እግሩ መሬቱን ይግፋ። ይህን ቆርቆሮ ደርድሮ ማስተማር ይቻላል። ዳሩ ግን ቆርቆሮ አያታልልም፣ ሰው ነው የሚያታልል። ዓይን አይቶ እግር እንዲታዘዝ ከፊቱ ሰው መኖር አለበት።

ለዚህ አንድ ነገር አግኝተናል። በአሜሪካ አገር ፍላግ ፉትቦል የሚባል ጨዋታ አለ፤ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው አምስት ለአምስት የሚጫወቱት ነው። ኳስ የያዘውን መጣል ክልክል ሆኖ፣ ወገቡ ላይ የተንጠለጠለውን ጨርቅ የነጠቀ አስቆመው ይባላል። በፈረንጆቹ 2028 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ወንዶችም ሴቶችም ይወዳደሩበታል። እኛ ኳሱን ትተን ጨርቁን እንውሰድ። ካረጀ ነጠላ ሁለት ቁራጭ ተቀዶ በወገብ ግራና ቀኝ ይሰካል፤ አይታሠርም፣ ከታሠረ ልጁን ይጎትተዋል። በአሥር እርምጃ አደባባይ ውስጥ አንዱ ያመልጣል፣ አንዱ ይነጥቃል። እናንተዬ፣ ከብት ስንጠብቅ ከተጫወትነው አባሮሽ በምን ይለያል? በገና ጨዋታ ጥንጓን ይዞ ከሃያ ዱላ መካከል የሚሾልከውን ልጅ ያሠለጠነው ማን ነበር? ሴቶች ልጆቻችንም ያለ ግፊያ ሊጫወቱት ይችላሉ፤ ላኩልን።

ይህ ሁሉ ሜዳ ይፈልጋል፣ ችግራችንም እዚህ ላይ ነው። የሰፈራችን ሜዳ ግማሹ ለቤት ሥራ የመጣ ድንጋይና አሸዋ ተከምሮበታል። የቀረው የከብት ማሠሪያ ሆኗል፤ ክረምት የቦረቦረው ጉድጓድም አልተሞላም። ጉድጓድ ባለበት ፈጥነህ ዙር ማለት ጉልበትህን ስበር ማለት ነው። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ልጆቹ የት እንደሚውሉ የጨነቀን ወላጆች ነን። ለድንጋይ ቦታ ሰጥተን ለልጅ አስፋልት ዳር መስጠታችን ምን ይባላል?

ስለዚህ የአስፋልቱ ሩጫ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ድንጋይ ያስቀመጣችሁ ሁለት ሳምንት አላችሁ፤ ማንሻ ጋሪ ያጣ ለማኅበሩ ይንገር፣ እንተባበራለን። ከብት የሚያሥሩ ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ሜዳውን ይልቀቁልን። የፊታችን ቅዳሜ ጧት አካፋና ዶማ ይዘን ጉድጓዱን እንሞላለን። ያረጀ ነጠላ ያላችሁ እናቶችም በዚያው ይዛችሁልን ኑ። እግሩ የታመመው ልጅ መሮጥ ባይችል ጨርቅ እቆርጣለሁ ብሏል።