አገልግሎት መድረክ ላይ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልናገር፤ የሚቆጣም ይቆጣ።

«የመንፈሳዊ ኮሌጅ ተማሪ ማኅበራዊ ሥራ ፈጠራ ሲባል የሚጠይቀው አበል ነው» ትላላችሁ። ልጆቹን አትውቀሱ! ሆሳዕና ላይ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሚሄድ ልጅ እንጸልያለን፣ ብር እናዋጣለን። እዚሁ ቀርቶ «ለእናቶች እንሰት መፋቂያ ማሽን ልሥራ» ላለው ግን ማን ጸለየለት? ማንስ አዋጣለት?

ቦጋለች ገብሬን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህቷ ከፍቅርተ ጋር ከምባታ ላይ ኬኤምጂን መሠረተች። ሕዝቡ መጀመሪያ የጠየቃት ድልድይ ነበር፤ ሠራችለት። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ስትናገር ጆሮ ያገኘችው።

ተማሪን የሚያነሳሳው የቢዝነስ ፕላን ኮርስ አይደለም። እንሰት ስትፍቅ የጎበጠች እናቱን ማየቱ፣ ያንን ሸክም ማቅለልም እንደ አገልግሎት ሲቆጠርለት ነው።

እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ስንት ዓመት ሳስተምር ለስብከት ማርክ ሰጠሁ፤ የሰፈሩን ምንጭ ላጎለበተው ተማሪ ግን «ጎበዝ» ብዬ አለፍኩ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ አንድ ነገር የጀመራችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። መጋቢዎች፣ እናንተ ደግሞ እሁድ መድረክ ላይ ጠርታችሁ እንደ ወንጌል መልእክተኛ ጸልዩላቸው። መዋጮውም አይረሳ!