ማቆሚያው ቁልፍ በመምህሩ እጅ

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የቴክኖሎጂ አጠቃቀም ሲነሣ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠነጥነው ስንት ኮምፒውተር ተገዛ፣ ስንት ታብሌት ተከፋፈለ፣ ለስንት ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ገባ በሚለው ላይ ሲሆን፣ መምህሩ በመሣሪያው ምን እንዳስተማረበትና ተማሪው ምን እንደተረዳበት የሚጠይቅ ሪፖርት ግን እምብዛም አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ሐሳብ ከቁጥሩ ይልቅ የሥልጣኑ ጉዳይ ይቀድማል የሚል ነው፤ ይኸውም በክፍለ ጊዜው ውስጥ መሣሪያውን የሚያስጀምረው፣ የሚያቆመው፣ የሚደግመውና የሚተወው መምህሩ ከሆነ ርካሹ ስልክ እንኳ ጥሩ የማስተማሪያ መሣሪያ ይሆናል፤ መምህሩ ለመሣሪያው ታዛዥ ከሆነ ግን ውዱም ዕቃ ከግድግዳ ጌጥ አያልፍም።

ለዚህ አባባል ከፕላዝማ የተሻለ ምስክር ማግኘት ይቸግራል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው ይህ የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት፣ ሒሳብን፣ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪን፣ ባዮሎጂን፣ እንግሊዝኛንና ሌሎች ትምህርቶችን ከአዲስ አበባ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ለመላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ ያሠራጭ ነበር። ዓላማው የሚናቅ አልነበረም፤ ላቦራቶሪ በሌለበት የገጠር ከተማ የሚማር ልጅ የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይኑ እንዲያይ፣ የመምህራን ብቃት ከቦታ ቦታ ቢለያይም ትምህርቱ እንዳይለያይ ታስቦ የተዘረጋ ሥርዓት ነበር። ችግሩ የመጣው ከጊዜ ክፍፍሉ ነው። ከክፍለ ጊዜው ውስጥ መግቢያና ማጠቃለያ የሆኑት ጥቂት ደቂቃዎች ለክፍሉ መምህር ሲተውለት፣ ትምህርቱ የሚሰጥበት ዋናው ጊዜ የስክሪኑ ነበር። በስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ያቀርብና ለመሥሪያ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይሰጣል፤ ደቂቃው ሲያልቅ መልሱን አንብቦ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ተማሪው ግን ያን ጊዜ ጥያቄውን ገና ወደ ደብተሩ እየገለበጠ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው የክፍሉ መምህር ተማሪዎቹ እንዳልገባቸው ከፊታቸው ያነባል፣ ሥርጭቱን ግን «ቆይ» ሊለው አይችልም፤ መብራት ከጠፋም ያመለጠው ትምህርት አይመለስም። እንግሊዝኛው የከበደውን ተማሪ በአማርኛ ለመደገፍ የሚፈልግ መምህር የሚያገኘው ዕድል ፕላዝማው ሲዘጋ በምትቀረው ጊዜ ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን የተማረ ትውልድ ፕላዝማን ሲያስታውስ የሚያስቀው ነገር አያጣም፤ በሙያው ክብር ላይ የደረሰው ጉዳት ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ታሪክ አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ታሪክ ምሁር ላሪ ኪዩባን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው «መምህራንና ማሽኖች» በተሰኘ መጽሐፍ ፊልም፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በየተራቸው የአሜሪካን ትምህርት ቤት እንደሚለውጡ ታላቅ ተስፋ ተጥሎባቸው እንደነበርና መምህራን ግን ከክፍላቸው አሠራር ጋር ስላልገጠሙላቸው በጥቂቱ ብቻ እንደተጠቀሙባቸው አሳይቷል። ፔሩ ለልጆቿ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች ካደለች በኋላም እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ የታየ መሻሻል አላገኘም።

በኢትዮጵያ ግን ከፕላዝማ በፊት የነበረ፣ ዛሬ የተዘነጋ ሌላ ወግ አለ። በየትምህርት ቤቱ «የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባት ክፍል መምህራን በአካባቢ ከሚገኝ ነገር የትምህርት መርጃ መሣሪያ የሚሠሩባት ቦታ ናት፤ የለስላሳ ቆርኪ ለመደመሪያና ለመቀነሻ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ለካርታና ለሰውነት ክፍሎች ሥዕል፣ ጭቃና ካርቶን ለቅርጻ ቅርጽ የሚውሉት በእርሷ ውስጥ ነው። የማዳበሪያ ከረጢቱን ካርታ የሠራው መምህር ካርታውን መቼ እንደሚሰቅልና መቼ እንደሚያወርድ የሚወስነው ራሱ ነው። ስልክ፣ ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ሊገቡ የሚገባቸው ወደዚህች ክፍል ነው፤ በቁልፍ ተዘግቶ ለእንግዳ ብቻ ወደሚከፈተው የኮምፒውተር ክፍል አይደለም።

ነገሩን በአንድ ቦታ ማየት ይረዳል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ የምትገኘው፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ ግቢ ያለባት ዘንዘልማ ለጣና ቅርብ ናት። የጣና የዘመኑ ጭንቀት እምቦጭ ነው፤ ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመነጨ ተንሳፋፊ አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ በይፋ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን በተለይ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ወርሯል። የጂኦግራፊ ወይም የባዮሎጂ መምህር ይህን አረም ከመጽሐፍ ሥዕል ይልቅ ከሰማይ ሊያሳይ ይችላል። ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች አንድን ቦታ በየ5 ቀኑ ገደማ ፎቶ ያነሡታል፤ ምስሉም ለማንም በነጻ ይሰጣል። መምህሩ ዋይፋይ ባገኘበት ቦታ የኅዳርንና የግንቦትን ምስል አውርዶ በፍላሽ ይዞ ቢመለስ ለወራት የሚበቃ ትምህርት ይዞ ተመልሷል ማለት ነው።

ሳተላይቱ ዓይን ከሚያየው ብርሃን በተጨማሪ ታኅተ ቀይ የሚባለውን፣ ከቀይ ብርሃን ቀጥሎ ያለውንና ሰው የማያየውን ጨረር ይመዘግባል። ለምለም ቅጠል ይህን ጨረር አብዝቶ ስለሚያንጸባርቅ፣ ውኃ ግን ስለሚውጠው፣ ጨረሩ በቀይ ቀለም እንዲወከል ተደርጎ በተዘጋጀ ምስል ላይ ሐይቁ ጥቁር፣ አረሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይወጣል። የምስሉ አንዲት ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ ስለምትወክል 100 ነጥቦች 1 ሄክታር ናቸው፤ ስለዚህ ምስሉ በወረቀት ታትሞ ቀዩ ክፍል ቢቆጠር ተማሪው የአረሙን ስፋት በእርሳስ ያሰላል፣ የሒሳብ መምህሩም የራሱን ድርሻ ያገኛል። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን ምስሉ ሲያሳስት የሚገኘው ነው። ደንገልም ቀይ ነው፤ በፎገራ ሜዳ የበቀለ ሩዝም ቀይ ነው፤ የክረምት ደመናም ሐይቁን ጨርሶ ይሸፍነዋል። የትኛው ቀይ እምቦጭ፣ የትኛው ደንገል እንደሆነ ለመለየት ተማሪው ወደ ዳርቻው ወርዶ ማየት፣ ዓሣ አስጋሪውን መጠየቅ፣ ያየውን ከምስሉ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል። ቴክኖሎጂው ልጁን በወንበሩ ላይ ከማፍዘዝ ይልቅ ከክፍል አስወጥቶ ወደ ሐይቁ ሰደደው ማለት ነው፤ መምህሩ ሊመዝነው የሚገባው ትክክለኛ መለኪያም ይህ ይመስላል።

የፊዚክስ መምህርም ባዶ እጁን አይደለም። በጀርመን አኸን ከተማ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፊፎክስ የተባለ ነጻ የስልክ ፕሮግራም በስልኩ ውስጥ ያሉትን ድምፅ፣ እንቅስቃሴና ማግኔት የሚለኩ ክፍሎች ወደ ላቦራቶሪ ዕቃ ይለውጣቸዋል፤ አንዴ ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሁለት ስልኮች በ5 ሜትር ርቀት ተቀምጠው በድምፅ የሚነሣና በድምፅ የሚቆም የሰዓት መለኪያቸው ይከፈታል። በአንደኛው ስልክ አጠገብ የቆመ ተማሪ ሲያጨበጭብ ሁለቱም መቁጠር ይጀምራሉ፣ የራቀው ግን ድምፁ እስኪደርሰው ድረስ ይዘገያል፤ ቀጥሎ በሁለተኛው አጠገብ ያለው ሲያጨበጭብ ሁለቱም ይቆማሉ፣ አሁን ደግሞ የሚዘገየው የመጀመሪያው ነው። ሁለቱ ስልኮች ያስመዘገቡት ጊዜ ልዩነት ድምፅ ያንን 5 ሜትር ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው፤ የአንድ ሴኮንድ 3 መቶኛ ያህል ይሆናል። 10 ሜትሩን ለዚህ ጊዜ ያካፈለ ተማሪ የድምፅን ፍጥነት በራሱ ጭብጨባ አገኘው። ክፍሉ ጸጥ ማለት አለበት፤ 60 ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ያን ጸጥታ ማስገኘት ከሙከራው ይልቅ ሊከብድ ይችላል፣ ለዚህም ሜዳው ይሻላል። ቴክኖሎጂ ሲባል ደግሞ የግድ ባትሪ ያለው ነገር መሆን የለበትም፤ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚለውን መጽሐፍ የያዘ ተማሪ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው በጣና ዙሪያ ቴርሞሜትር ቢከት 94 አካባቢ ያነባል፣ መጽሐፉም ቴርሞሜትሩም ለምን እንዳልተሳሳቱ ማስረዳት የዕለቱ ትምህርት ይሆናል።

ብዙ ተማሪ የያዘ ክፍል የሚያስቸግረው ሌላው ነገር ማን እንደገባውና ማን እንዳልገባው ማወቅ ነው፤ «ገባችሁ?» ሲባል «አዎ!» የሚለው የጋራ መልስ ምንም አይናገርም። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያስፋፋው ዘዴ በትምህርቱ መሐል አንድ ባለ ምርጫ ጥያቄ ማቅረብ፣ ተማሪው ለብቻው እንዲመርጥ፣ ከዚያ ከጎኑ ካለው ጋር ተከራክሮ እንደገና እንዲመርጥ ማድረግ ነው። ዛሬ ተማሪዎች የተለየ ምልክት የታተመበት ካርድ ሲያነሡ በመምህሩ ስልክ ካሜራ የሁሉንም መልስ የሚለቅም ፕሮግራም ተሠርቷል፤ ፕሮግራሙ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኢንተርኔት ከሌለ አራት ቀለም ያላቸው የካርቶን ቁራጮች ይበቃሉ፤ መምህሩ ከተነሡት ቀለሞች የክፍሉን ሁኔታ በአንድ እይታ ያነባል። ስልኩ የሚጨምረው መልሱን በስም መዝግቦ ማቆየትን ብቻ ነው፤ ፈጠራው ያለው ተማሪዎችን ሊያከራክር በሚችል ጥያቄ አመራረጥ ላይ ነው።

በቋንቋ ትምህርት ረገድ ሬዲዮ ከሁሉም የቆየ ልምድ አለው። አሳታፊ የሬዲዮ ትምህርት የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኒካራጓ በሒሳብ ተሞክሮ ወደ ብዙ አገሮች የተዛመተው ዘዴ፣ ተራኪው ጠይቆ ዝም በማለት ልጆች ጮኽ ብለው የሚመልሱበትን ፋታ ይሰጣል። ፋታውን የሚወስነው ግን አሁንም ስቱዲዮው ነው። ዛሬ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር የሁለት ሰዎች ንግግር በስልኩ ቀድቶ በብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ ቢያሰማ፣ ልጆቹ ያልያዙት ቃል ላይ አቁሞ ሦስት ጊዜ ሊደግመው ይችላል። በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ የባዮሎጂ መምህሩም ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ከባድ ቃላት የአምስት ደቂቃ የአማርኛ ማብራሪያ ቀድቶ በሚሞሪ ካርድ ማደል ይችላል፤ ስልክ የሌለው ልጅ ጎረቤቱ ዘንድ ያዳምጠዋል።

ከኢንተርኔት ውጭ የሚሠራ ነገር ላይ እንዲህ ማተኮር ምክንያት አለው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የቴሌግራም ትምህርት የደረሰው ስልክና የካርድ ገንዘብ ላለው ቤተሰብ ልጅ ነበር። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ለብዙዎች በወቅቱ ስላልደረሰ በፒዲኤፍ መማር የግድ ሆኗል። በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲቋረጥ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ሲዘጉ፣ በመረብ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ማስተማሪያ ሁሉ አብሮ ተቋርጧል። እንደ ኮሊብሪ ያሉ ነጻ ፕሮግራሞች ትምህርቱን በአንድ ላፕቶፕ አከማችተው በክፍሉ ውስጥ ብቻ በሚሠራ ዋይፋይ ለብዙ ስልክ የሚያዳርሱት ለዚህ ዓይነቱ ሁኔታ ታስበው ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል አንድ ቅሬታ በትክክል ይነሣል። ከላይ የተዘረዘረው በአብዛኛው የሚሠራው በመምህሩ የግል ስልክ፣ በመምህሩ ባትሪና ከደመወዙ በሚቆረጥ የካርድ ገንዘብ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ስልክ ለያዘ ተማሪ ቅጣት እንጂ ስልክ ለተጠቀመ መምህር ማበረታቻ የለውም። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ የሚባለው ሥርዓት መምህራን በጉድኝት ማዕከል ተሰብስበው እንዲማማሩ የታሰበ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ሱፐርቫይዘሩ የሚያየውን ፖርትፎሊዮ በመሙላት ነው፤ አሁን አሁን ደግሞ ያንን ወረቀት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሞላዋል። በምትኩ የጉድኝቱ የፊዚክስ መምህራን አንድ ከሰዓት ተገናኝተው የጭብጨባውን ሙከራ ራሳቸው ቢሠሩ፣ የየትኛው ስልክ ማይክሮፎን እንደሚያስቸግር ቢለዩ፣ የሴንቲኔል ምስሎችን በአንድ ፍላሽ ቢቀባበሉ የሰዓቱ ዋጋ ይለወጣል። ርእሰ መምህራንም ለትምህርት ቤት ከሚሰጠው የድጎማ በጀት ለቀለምና ለጠመኔ እንደሚመድቡት ሁሉ ለማበልጸጊያ ማዕከሉ ሁለት መካከለኛ ስልኮች፣ አንድ ድምፅ ማጉያና ጥቂት ሚሞሪ ካርዶች ቢገዙ፣ ዕቃውም በመምህራን ፊርማ እንደ መዝገበ ቃላት ወጥቶ የሚመለስ ቢሆን፣ ለወላጅ መምህር ኅብረት አባላት ለማስረዳት የሚከብድ ወጪ አይሆንም።