ግማሽ ቀን ይበቃታል?

ለሦስት ቀን ዕረፍት ወደ ልዩብልያና እንደምሄድ ስናገር ከወዳጆቼ የሰማሁት መልስ አንድ ዓይነት ነበር፦ «እዚያ ሦስት ቀን ምን ትሠራለህ? ግማሽ ቀን ይበቃታል»። ደርሼ ተመለስኩ፤ እነሆ ሙግቴ።

የስሎቬንያ ዋና ከተማ ሕዝቧ ሦስት መቶ ሺህ ገደማ ነው። መሐሏን በእግር ለማዳረስ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል መባሉም እውነት ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. በተሠራው የዘንዶ ድልድይ ላይ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ወደ አውቶቡሱ የሚመለስ ጎብኚ ብዙ ነው። ነገር ግን ከተማን በእግር መለካት መጽሐፍን በገጹ ብዛት እንደ መመዘን ነው።

በዋናው አደባባይ የቆመው ንጉሥ ወይም የጦር አበጋዝ አይደለም፤ ባለቅኔው ፍራንትሴ ፕሬሼረን ነው። ሐውልቱ በ1905 ተመረቀ። ዐይኖቹ አደባባዩን ተሻግረው በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ የተቀረጸች ሴት ያያሉ፤ ወዷት ያላገኛት ዩልያ ናት። አገሩ በኦስትሪያ ሥር ሳለች፣ የተማረው ሁሉ ጀርመንኛን ሲመርጥ፣ እርሱ የገበሬ ቋንቋ በሚባለው በስሎቬንኛ ተቀኘ። በ1844 የጻፈው «ዝድራቭሊትሳ» በቪየና ሳንሱር ታግዶ ቆየ፤ ሳንሱሩ ሲነሣ በ1848 ታተመ። ዛሬ ሰባተኛው አንጓ የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ነው። ባለቅኔው ያረፈበት ቀን፣ ፌብሩዋሪ 8፣ የባህል በዓል ሆኖ ሥራ ይዘጋል።

ይህ ሁሉ ክብር ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሰው ለሚናገረው ቋንቋ ነው!

ከሐውልቱ ሥር ቆሜ አፈርኩ። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ በሚናገረው አማርኛ እየጻፍን «አንባቢ የለም» ማለትን ልማድ አድርገናል። እኔም ብዕሬን ባስቀመጥኩ ቁጥር ይህንኑ ምክንያት ደርድሬአለሁ። «እነርሱ ባለጠጎች ናቸው» ትሉኝ ይሆናል። ፕሬሼረን ግን የገበሬ ልጅ ነበር፤ በሕግ ዶክተር ሆኖ ሳለ እስከ 1846 ድረስ በሌላ ሰው የጥብቅና ቢሮ ተቀጥሮ ሠርቷል፤ በ48 ዓመቱም አረፈ። አደባባዩም፣ በዓሉም፣ መዝሙሩም ከሞቱ በኋላ የመጡ ናቸው። እርሱ የጻፈው አንባቢው ተቆጥሮ እስኪቀርብለት ሳይጠብቅ ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ ሆይ፣ የትንሽነትን ነገር ደግመን እንመርምር። ትንሽ ያልናት ከተማ ባለቅኔዋን ከመሐል አቁማዋለች፤ ትልቅ ነን የምንለው እኛ ደግሞ ደራሲዎቻችንን የምናስታውሳቸው አብዛኛውን ጊዜ በቀብራቸው ዕለት ነው። ወደ ልዩብልያና የምትሄዱ ብትሆኑ አስቀድማችሁ የፕሬሼረንን ግጥሞች በምታውቁት ቋንቋ ፈልጋችሁ አንብቡ። ግማሽ ቀን ይበቃት እንደሆነ ከዚያ በኋላ እንከራከራለን።